ከጧሪ በፊት ጠያቂ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! የዐቢይ ጾም አራተኛው ሳምንት መጻጉዕ ይባላል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ የነበረው፣ 38 ዓመት የታመመው ሰው የሚታሰብበት ነው (ዮሐ. 5)። ጌታችን ብዙ ዘመን እንደታመመ ያውቅ ነበር። እያወቀም መዳን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው። በሽተኛው ግን «አዎን» ብሎ አልመለሰም፤ ታሪኩን ነው የተናገረው። ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፣ ሌላው ሁልጊዜ እንደሚቀድመው ነገረው። ጌታችን አስቀድሞ ሰማው፤ ከዚያ በኋላ ፈወሰው።

ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ከጠየቀ፣ እኛ የማናውቀው ለምን አንጠይቅም?

በቢቸናም በሞጣም ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። በምርቃቱ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ መጦርና መቅበር። መቅበሩን እናውቅበታለን። ዕድሩ አለ፣ ሰንበቴው አለ፣ ፍትሐቱ አለ። ለንብረቱም ኑዛዜ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ይደነግጋል። ለመጦሩስ? አባታችን ሲደክሙ ከማን ጋር መኖር እንደሚሹ፣ ማን ቢያስታምማቸው እንደሚቀላቸው ማን ያውቃል? ለበሬያቸውና ለቤታቸው አራት ምስክር ቆሞ፣ ለራሳቸው ለሰውነታቸው ግን አንድም ምስክር የለም።

የማንጠይቀው ጠልተናቸው አይደለም። «ሟርት ይሆናል፤ ሞታቸውን የተመኘን ይመስላል» ብለን እንፈራለን። ይህ ፍርሃት ከአክብሮት የመጣ ስለሆነ አይናቅም። ልጅ ተነሥቶ «አልጋ ላይ ሲውሉ ምን ላድርግዎት?» ቢል በእውነት ያስደነግጣል። ነገር ግን ሌላ በር አለ፤ እርሱም ታሪካቸው ነው።

ያዕቆብን እንመልከት። ዮሴፍ አባቱ መታመሙን ሰምቶ ሁለቱን ልጆቹን ይዞ ሄደ። ሽማግሌው በአልጋው ላይ ተቀምጦ እግዚአብሔር በሎዛ እንደተገለጠለት፣ ራሔል በመንገድ እንደሞተችበት ተረከ (ዘፍ. 48)። በኋላም ከአባቶቹ ጋር እንዲቀብሩት ሲያዝዝ፣ እነማን በዚያ እንደተቀበሩ፣ ልያንም ራሱ በዚያ እንደቀበራት ተናገረ (ዘፍ. 49)። ፈቃዱ ከታሪኩ ወጣ። ታሪኩን የሰማ ልጅም ፈቃዱ ከየት እንደመጣ ገባው።

ዛሬም እንዲሁ ነው። በሞጣ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ እንበል። ልጃቸው ባሕር ዳር ቤት ሠርቶ «እማዬ፣ ነይና አብረን እንኑር» ይላል። እርሳቸው እምቢ ይላሉ። እርሱም «አረጀችና ግትር ሆነች» ብሎ ያዝናል። ታዲያ ክርክሩን ትቶ፣ ቡና ተፈልቶ «አባዬ ታሞ ሳለ እንዴት አደራችሁ?» ብሎ ቢጠይቅስ? ጎረቤት ሌሊቱን እየተፈራረቀ እንዳስታመመላቸው፣ ባላቸውን በደጀ ሰላሙ አጠገብ እንዳሳረፉ፣ ከዚያ ወዲህ ደወሉን ሰምተው ካልተነሡ ቀኑ እንደማይነጋላቸው ይነግሩታል። ያን ጊዜ እናቱ የናቁት ቤቱን እንዳልሆነ ያውቃል። ወደ ባሕር ዳር የመኪና ዋጋ ከሚቆጥር ይልቅ አብራቸው የምታድር ዘመድ ይፈልጋል፤ ጎረቤቶቹንም አደራ ይላል።

እርግጥ ልጅ የተጠየቀውን ሁሉ ማድረግ ላይችል ይችላል። ሕመሙ ጠንቶ እናቲቱ ወደማይወዱት ቦታ መሄድ ግድ ሊሆንባቸው ይችላል። ጌታችን ለቅዱስ ጴጥሮስ፣ ሲሸመግል ሌላው እንደሚያስታጥቀውና ወደማይወደው እንደሚወስደው አስቀድሞ ነገረው (ዮሐ. 21)። ቃሉ ስለ ሰማዕትነቱ ቢሆንም ለእኛም ትምህርት አለው፤ ሳይደበቅ አስቀድሞ ተነገረው። ሰው እንደ ዕቃ ተጭኖ አይሄድም። ምክንያቱ ይነገረዋል፤ ከሚወደው የትኛው ሊቀርለት እንደሚችል ይጠየቃል።

ታዲያ እንዴት እንጀምር? ከሩቁ ዘመን እንጀምር። ማን አሳደገዎት? በክፉ ቀን ማን ደረሰልዎት? ማንን አስታመሙ? ከዚያ «ለእርስዎስ እንዴት ቢደረግ ይወዳሉ?» ማለት አይከብድም። ንስሐ አባታቸው መቼ ይጠሩ? መድኃኒትና ጾምስ? ፍትሐ ነገሥት ለሕሙማን ከጾም ፈቃድ ስለሚሰጥ፣ ይህን በጤናቸው ሳሉ ከንስሐ አባታቸው ጋር መምከር መልካም ነው። የተናገሩትን ወንድምና እኅት ባሉበት ጽፈን እናንብብላቸው፤ ሐሳባቸው ሲለወጥም እናርመው። ሊያወሩት ያልፈለጉትን ሐዘን ግን አንጎርጉር፤ የኃጢአት ነገርም ለካህን እንጂ ለልጅ አይደለም።

እናንተም አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ልጆቻችሁ ዝም ያሉት ፈርተው ነውና እናንተው ጀምሩላቸው።

በግእዝ «ናዘዘ» ማለት አጽናና ማለት ነው። ኑዛዜ የምንለውም ቃል ከዚሁ የመጣ ነው። እንግዲህ ኑዛዜ የርስት ክፍፍል ብቻ መሆን የለበትም፤ ተናጋሪውንም ሰሚውንም የሚያጽናና ይሁን። በቋንቋችን በሽተኛ ዘንድ መሄድን «መጠየቅ» እንለዋለን። ብዙዎቻችን ግን ብርቱካን ይዘን ገብተን፣ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብለን፣ አንድም ሳንጠይቅ እንወጣለን። ጌታችን በፍርድ ቀን ስለ ታመሙት ሲመረምረን (ማቴ. 25) ጠይቀን የሰማን ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።