የሚወዱት ምግብና የጎረቤት ማዕድ

ሰው የትኛውን ምግብ አብልጦ እንደሚወድ ሲጠየቅ የሚመልሰው የምላሱን ምርጫ ብቻ አይደለም። ዶሮ ወጥ የሚል የበዓልን ቀን፣ ጨጨብሳ የሚል የልጅነትን ጧት፣ ሽሮ የሚል የእናቱን ምድጃ ይናገራል። በሐርጌሳ፣ በሼክ ኑር ሰፈር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። እሱ የሚወደውን ጎረቤቱ ላይቀምሰው፣ ጎረቤቱ የሚያከብርበትን እሱ ላይነካው ይችላል። ታዲያ ለሚወዱት ምግብ መታመን ከሰው ጋር ከመኖር ጋር ይጣላልን?

ችግሩ የዋዛ አይደለም። በሶማሌ ዘንድ የግመል ሥጋና ወተት ለእንግዳ የሚቀርብ ክብር ነው፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ያደገ ሰው ግን ግመል አይበላም። በሀገር ቤትም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የባረከውን ሥጋ ሌላው ሳይበላ ለዘመናት አብረው ኖረዋል። በሠርግ ጊዜ ለሌላው ወገን በራሱ ሰው እጅ ለብቻው ይታረዳል። ይህን የመለያየት ምልክት አድርጎ ማየት ይቻላል። ሆኖም ለብቻው ያሳረደ ደጋሽ ለእንግዳው የሚነግረው «ከቤቴ ሳትበላ አትሂድ፤ ለመብላትም ስትል ሃይማኖትህን አትጣስ» የሚል ነው።

የሚያገናኘውም ጥቂት አይደለም። እንጀራ ከጤፍ፣ ላሖሕ ከማሽላ፣ ከበቆሎ ወይም ከስንዴ ዱቄት ይሠራሉ፤ የሁለቱም ሊጥ ይቦካል፣ ሁለቱም ሳይገለበጡ በአንድ ወገን ይጋገራሉ። በ2017 ዓ.ም. የረመዳን ወር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ውስጥ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ በዘይት የተጠበሰ የምስር ሳምቡሳ ለአንዱ የጾም ምግብ፣ ለሌላው ማፍጠሪያ ይሆናል። አንድ ሳህን ከደጅ ወደ ደጅ ሲሻገር ማንም ከእምነቱ ምንም አያጎድልም።

በሰው ሀገር የራስን ምግብ መናፈቅ እልኸኝነት ነው የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን የሚወደው ነገር የሌለው ሰው ለጎረቤቱ የሚሰጠውም የለውም፤ ስጦታን ስጦታ የሚያደርገው ሰጪው ራሱ የሚሳሳለት መሆኑ ነው። ጥፋቱ ያለው የራስን ማዕድ የሰው ሁሉ መለኪያ ማድረግ ላይ ነው። አፍንጫውን እየያዘ ግመሉን የሚመልስ እንግዳ ባለቤቱን ያዋርዳል፤ ምክንያቱን በትሕትና ተናግሮ ሻዩን በደስታ የሚጠጣ ግን ራሱንም ጎረቤቱንም ያከብራል። አበው «ሆድ ከሀገር ይሰፋል» ሲሉ የሚበላበትን ሆድ ብቻ ማለታቸው አልነበረም።