መሬት የማቆየት መብት

አንድ ከተማ በእጁ ያለውን ሰፊ መሬት ባንድ ጊዜ ማስተላለፍ እየቻለ በየደረጃው ከፋፍሎ የሚያቆየው በምን ምክንያት ነው? ቶሎ የሚመጣው መልስ ዋጋ ነው። መንገድ ሲገባለት፣ ውሃና መብራት ሲደርሰው፣ አጠገቡ ያለው ሲለማ ቦታው የበለጠ ያወጣልና ይቆይ ይባላል።

ይህ መልስ አያሳምነኝም። በሊዝ የወሰደውን ቦታ በቆርቆሮ አጥሮ ዋጋ እስኪጨምር የሚጠብቀውን ባለሀብት እንወቅሰዋለን፤ ሕጉም በጊዜው ግንባታ ካልጀመረ ቦታውን ይነጥቀዋል። ያንኑ ከተማው ሲያደርገው በምን ስሌት ትክክል ይሆናል? አዲስ አበባ ውስጥ በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው ለዓመታት ዕጣ ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች አሉ። ለእነሱ የታጠረ ባዶ ቦታ፣ ያጠረው ማንም ይሁን ማን፣ ያው ባዶ ቦታ ነው። እንግዲያው የከተማውን መጠበቅ ከባለሀብቱ መጠበቅ የሚለይ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን።

ያንን ምክንያት ሃምቡርግ ላይ አገኘዋለሁ። ይህች የጀርመን የወደብ ከተማ በ1997 እ.ኤ.አ. 157 ሄክታር የሚሆነውን አሮጌ የወደብ አካባቢዋን ሃፈንሲቲ ወደተባለ የመኖሪያና የሥራ ሰፈር የመለወጥ ዕቅዷን ይፋ አደረገች፤ ማስተር ፕላኑ በ2000 እ.ኤ.አ. ጸደቀ። መሬቱን በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየሄደች፣ ሰፈር በሰፈር እያዘጋጀች ሸጠች። በሽያጩ ገንዘብ መንገድና ድልድይ ዘረጋች። የተመረጠው አልሚ እዚያው ከፍሎ ባለቤት አይሆንም። ቦታው ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ይያዝለትና በዚያ ውስጥ አፈሩን ያስመረምራል፣ ዲዛይኑን ከከተማዋ ጋር ይጨርሳል፣ የግንባታ ፈቃድ ያወጣል። ካልተሳካለት መሬቱ አሁንም የከተማዋ ነው። በመኖሪያ ቤት ቦታዎች ውድድር ላይ ደግሞ የቀረበው ሐሳብ 70፣ ዋጋው 30 ከመቶ ይመዝናል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቀድመው የተሠሩት ቤቶች ውድ ሆኑ፤ የሀብታም ሰፈር እየተሠራ ነው የሚል ብርቱ ወቀሳ ተነሣ። ሃምቡርግ ገና ያልሸጠችው መሬት ስለነበራት፣ ዘግይተው በለሙት ሰፈሮች ከቤቶቹ ሲሶ የሚሆኑት በመንግሥት ድጎማ በርካሽ እንዲከራዩ አስገደደች። መሬቱ መጀመሪያውኑ ተሽጦ ያለቀ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን ቆማ ከማየት በቀር ምንም ባልቻለች ነበር።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ባለሀብቱ የሚጠብቀው ለማትረፍ ነው፤ ከተማ የሚጠብቀው ለመታረም ከሆነ መጠበቁ ይገባዋል። ዛሬ የሚወስን ምክር ቤት ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ችግር ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ለተተኪዎቹ መወሰኛ የሚሆን ቦታ ሊተውላቸው ይገባል።

እኛ ጋ መሬት በሊዝ ስለሚተላለፍ አንድ ቀን ይመለሳልና ስጋት የለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 721/2004 የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ዛሬ የተላለፈን ቦታ መልሶ የሚረከበው ገና ያልተወለደ ሰው ነው። በዚሁ አዋጅ የጨረታ አሸናፊ የሚለየው ባቀረበው ዋጋና በቅድመ ክፍያው መጠን ነው፤ በቦታው ላይ ምን ሊሠራ እንዳሰበና ለማን እንደሚሠራ በውጤቱ ላይ አይቆጠርም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ መሬት ማቆየት ብቻውን የሚጠቅመው ነገር ትንሽ ነው፤ የቆየውም ቦታ ተራው ሲደርስ ብዙ ገንዘብ ላቀረበ ይሰጣል።

ስለዚህ የከተማ ምክር ቤት አባላት የመጀመሪያው ጨረታ ከመውጣቱ በፊት የትኛው ቦታ፣ እስከ መቼ፣ ለምን ጉዳይ እንደሚቆይ በጽሑፍ ለሕዝብ እንዲገለጽ ያስገድዱ። የተባለው ቀን ደርሶ ሥራ ካልተጀመረም፣ ቦታ አጥሮ በሚጠብቀው ባለሀብት ላይ የሚነሣው ጥያቄ በከተማው አስተዳደር ላይም ይነሣ።