ኤልያስን የመገበው ቁራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በአገራችን ተልኮ የቀረ ሰው «የቁራ መልእክተኛ» ይባላል። ከኖኅ መርከብ ወጥቶ መልስ ሳያመጣ የቀረውን አንዱን ቁራ ይዘን ዘሩን ሁሉ እስከ ዛሬ እንወቅሳለን። ከጣሪያችን ላይ ሲጮህ «ምን ሊያሰማን ነው» እንላለን፤ ልጆቻችንም ባዩት ቁጥር ድንጋይ ያነሣሉ።

በክረምቱ መግቢያ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ስንጓዝ፣ ክምር ድንጋይን አለፍ እንዳልን የመኪናችን ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ እስኪቀይር ወርደን ከመንገዱ ዳር ቆምን። ጉና በጉም ተሸፍኗል። ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ ትልቅ ቁራ እበት ላይ ቆሟል፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ምንቃሩ ወፍራምና ቆልማማ የሆነው፣ ከእኛና ከኤርትራ ደጋ ውጭ እምብዛም የማይገኘው ቁራ ነው። በምንቃሩ እበቱን ወዲህና ወዲያ እየጠረገ ይበትናል፤ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያይና ትሉን ለቀም ያደርጋል። ሰው አየኝ ብሎ አልሸሸም። እንዲያውም አንዲት ተሳፋሪ የጣለችለትን የዳቦ ቁራሽ ሊያነሣ እየተራመደ ወደ እኛ መጣ።

አንድ ልጅ ድንጋይ አነሣ። ከጎኑ የቆሙ እማሆይ እጁን ያዙት። «ተው ልጄ፣ የነቢይ መጋቢ አይወገርም» አሉት። ልጁም ድንጋዩን ጣለ። እኛ ስለ ቁራ ስናወራ ከኖኅ ጀምረን እዚያው እናቆማለን፤ እማሆይ ግን እስከ ኤልያስ ዘልቀዋል።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በአክዓብ ዘመን ሰማይ ተለጉሞ፣ ኤልያስ በኮራት ፈፋ ተሸሽጎ ሳለ፣ ቁራዎች ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመጡለት ነበር። ልብ በሉ፤ ቁራ በኦሪት ሕግ ርኩስ ከተባሉት ወፎች አንዱ ነው። እግዚአብሔር ርግብ አጥቶ ነውን? ነቢዩ ሕጉን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሆኖም «ከዚህ ምንቃር አልቀበልም» አላለም። ፈፋው ሲደርቅም የተላከው በሲዶና አገር በሰራፕታ ወደምትኖር፣ ከወገኑ ወዳልሆነች ድኻ መበለት ነው። ሁለት ጊዜ ቸገረው፤ ሁለቱንም ጊዜ ወገኖቹ ከማይመርጡት እጅ በላ።

እኛስ የምንበላው ከማን እጅ ነው? የፋርጣ ገበሬ ገብሱን የሚዘራው ቀጥቃጭ ባበጀው ማረሻ አርሶ ነው። እንጀራችን የሚጋገረው ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ቆፍራ፣ ረግጣና ለውሳ፣ በእሳት አብስላ ባወጣችው ምጣድ ነው። ለቅዳሴ የምንቆመው ሸማኔ የሠራውን ነጠላ አጣፍተን ነው። ይህን ሁሉ ተቀብለን ስናበቃ «ቡዳ ናቸው» እያልን ልጆቻችንን ከደጃቸው እናሸሻለን፤ ጋብቻ ሲነሣም አጥንት እንቆጥራለን። ምጣዱን ከገበያ ተከራክረን እንገዛለን፤ የሠራችውን ሴት ግን ወደ ማዕዳችን አናስጠጋትም። ይህ ኃጢአት ነው፤ ከዚህ የለሰለሰ ስም ልሰጠው አልችልም።

ደግሞም በእኛ አገር ከቶ ሊሆን አይገባውም ነበር። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ የሚገኘው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ቦታ ነው። በዚያ መድፍ እንኮራለን፤ ብረት የሚቀጠቅጠውን ጎረቤታችንን ግን እናፍርበታለን። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ዛሬም በየገበያው ይሰማል።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። በሚመጣው ሰንበቴ ሸክላ ሠሪዋን ከመካከላችሁ አስቀምጧት፤ ተራዋን ስጧት፤ የጠመቀችውንም ጠጡ። ልጃችሁ የቀጥቃጭ ልጅ ወደድሁ ብሎ ሲመጣ ስለ ሃይማኖቷና ስለ ምግባሯ ጠይቁት እንጂ ስለ አያቷ ሥራ አትጠይቁት። እኛም ካህናት የንስሐ ልጆቻችን ቤት ስንገባ ይህን ነገር ሰምተን እንዳልሰማን አንለፈው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።