ከሰደቃ በፊት የሚከፈል ዕዳ



ከገጠር ወደ ከተማ የሚገባ ሰው ከነዋሪው የሚገባው ምንድን ነው? ምጽዋት ነው ወይስ ሐቅ? ብዙዎቻችን ሁለቱን ቀላቅለን እንኖራለን። ስለዚህ ዕዳችንን ሳንከፍል ራሳችንን ከለጋሾች የምንቆጥርበት ጊዜ አለ።

ዲላን እንመልከት። ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 33 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ 59 ሺህ ገደማ ደረሰች። ከዚያ ወዲህም ዩኒቨርሲቲው፣ ንግዱና ግንባታው ይበልጥ አስፍተዋታል። ይህ ሁሉ ሰው እዚያው ከተማዋ ውስጥ የተወለደ አይደለም። ከሬኮ፣ ከወናጎ፣ ከቡሌ የሚመጣው ወጣት ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ለምን ይመጣል? የጌዴኦ ገበሬ እንሰትን፣ ቡናንና ትልልቅ ዛፎችን በአንድ ማሳ አስማምቶ ማሳደግ ያውቅበታል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሆኖም ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ነው። አባት ለልጆቹ ባካፈለ ቁጥር ማሳው ያንሳል፤ ለመጨረሻው ልጅ የሚተርፈው መንገዱ ብቻ ይሆናል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ የተነሳው ግጭት ደግሞ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው አፈናቅሏል።

ከተማዋ ራሷ የምትኖረው በገጠሩ ነው። ቡና ሲደርስ ሱቁ ይደምቃል፣ ሆቴሉ ይሞላል፣ የጭነት መኪናው ሥራ ያገኛል። የዚያ ቡና አምራች ልጅ ከተማ ሲመጣ የሚጠብቀው ግን ጆንያ መሸከም፣ ሊስትሮነት ወይም የቀን ሥራ ነው። ሴት ልጅ ከሆነች የሰው ቤት ትገባለች። በላዩ ላይ «ባላገር» የሚል ስድብ ይጨመርበታል።

የመዲና ታሪክ እዚህ ላይ ያስተምረናል። በዚያን ጊዜ ነጋዴው ወደ ገበሬው ዘንድ ተሰደደ፤ ዛሬ የገበሬው ልጅ ወደ ነጋዴው ይመጣል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙሃጂሮችንና አንሷሮችን ባወዳጁ ጊዜ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) የሀብታቸውን ግማሽ ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ሊሰጡ ፈቀዱ። ዐብዱረሕማን ግን በረካ እንዲሆንላቸው ዱዓ አድርገው የገበያውን መንገድ ጠየቁ። ብዙ ጊዜ የምናወሳው የሰዕድን ቸርነት ነው። የዐብዱረሕማንን ጥያቄስ? መጤው የፈለገው ሠርቶ የሚያድርበት በር ነበር። መዲናም በሩን አልዘጋችበትም።

«እኛም ኑሮ ከብዶናል፤ ሀብታችንን የምናካፍለው ከየት አምጥተን ነው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሁሉም ሰው የሰዕድ አቅም የለውም። ነገር ግን የተጠየቅነው የሀብታችንን ግማሽ አይደለም፤ የተስማማንበትን ዋጋ በጊዜው መስጠትን ነው። የሠራተኛ ደመወዝ እንዳይዘገይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አጥብቀው አዘዋል።

ጉዳዩ በተለይ የሚፈትነን በየቤታችን ውስጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኞችን በቀጥታ አያካትትም፤ የሥራ ሁኔታቸው በደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ስለዚህ ከገጠር የመጣችው ልጅ ሐቅ በእጅጉ የሚጠበቀው በአሠሪዋ ተቅዋ ነው። «ታጠፋዋለች» እየተባለ ደመወዟ ስንት ወር ይያዛል? ለተሰበረ ብርጭቆ ስንት ይቆረጥባታል? የማታ ትምህርት ልማር ስትል ምን ትባላለች? ከእርሷ ያስቀረነውን ገንዘብ በረመዷን መስጊድ በር ላይ ብንበትነው የሰጠነው የራሳችንን አይደለም፤ የእርሷን ነው። ያጎደልነውን ሐቅ ሰደቃ አይሞላውም።

ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ ማታ ቤተሰባችን ተሰብስቦ ሲቀመጥ «በእጃችን የቀረ የማን ገንዘብ አለ?» ብለን እንጠይቅ። ልጆቻችን የተሸካሚውንና የሠራተኛዋን ስም ይወቁ፤ በስማቸውም ይጥሯቸው። ዕዳችንን ከከፈልን በኋላ ሰደቃ እንስጥ፤ ያን ጊዜ ሰደቃችን በእውነት ሰደቃ ይሆናል።

አላህ የሰውን ሐቅ ሳይጠይቁን ከሚከፍሉት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።