ያንተን ማሳ መቼ ያርሙልሃል?

አምባ ጊዮርጊስ፣ እናቴ ከአረም ወንፈል ስትመለስ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሬ አገኘችኝ። እሷ ከአረም፣ እኔ ከእርማት፤ «ሜም» በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ አንዲት የኮድ ስህተት አርም ነበር። ሜምን ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ በ1997 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ በጎ ፈቃደኞች የድሮ የጨዋታ ማሽኖች አሠራር ከብረታቸው ጋር አብሮ እንዳይጠፋ በነፃ ይደክሙበታል።

«ማን ይከፍልሃል?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ታዲያ ያንተን ማሳ መቼ ያርሙልሃል?»

መልስ አጣሁ። ወንፈል ብድር ነው፤ ባለዕዳው ይታወቃል። የእኔን ድካም የሚጠቀምበትን ግን አላውቀውም፤ እሱም አያውቀኝም።

ኋላ ሳስበው፣ የምሠራበት ሊኑክስም በ1991 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ፣ የማላውቃቸው ሰዎች እየተቀባበሉ አሻሽለውት በነፃ የደረሰኝ ነው። ለካ የእኔ ማሳ አስቀድሞ ታርሟል፤ ተበዳሪው እኔ ነኝ። አበዳሪዎቼን ፈልጌ አላገኛቸውም፤ ዕዳ ግን ባለቤቱ ራቀ ተብሎ አይቀርም። ለሚቀጥለው ሰው እከፍላለሁ።