የደራሲው ብሶትና የሴቲቱ መልክ

የከፋው ሰው ብዕር ሲጨብጥ ስለ ራሱ እንደሚጽፍ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ብሶቱን ብቻውን ሊሸከመው ስለማይችል በሌላ ሰው ላይ ያሳርፈዋል፤ ያም ሰው ብዙውን ጊዜ በአጠገቡ ያለችው ሴት ናት። (ከቢሮ ተቈጥተን የገባን ዕለት ወጡ ጨው የበዛበት የሚመስለን እኛም ይህን እናውቀዋለን።) ነገሩን ለመመርመር ከማንጋ፥ ማለት ጃፓናውያን በሥዕል ከሚተርኩት ድርሰት፥ አንድ ጉዳይ መርጠናል። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዮሺሃሩ ትሱጌ በ1937 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ሞተበት፤ ከእንጀራ አባቱ ጋር ሳይስማማ፥ በፋብሪካ እየሠራ በችግር አደገ። በ1985ና በ1986 ዓ.ም. በተከታታይ ያወጣው «ችሎታ የሌለው ሰው» የተባለው ድርሰቱ ሥዕሉ አልሳካ ስላለው ስለ ሱኬዞ ይተርካል። ይህ ሰው ከታማ ወንዝ ዳር የለቀመውን ድንጋይ እዚያው ደርድሮ ይሸጣል፤ ገዢ ግን የለም። ሚስቱ የማስታወቂያ ወረቀት በየቤቱ እያደለች ጥቂት ገንዘብ ታመጣለች፤ ወደ ሥዕልህ ተመለስ እያለችም ትነዘንዘዋለች። በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ፊቷን አናይም፤ የምናየው ጀርባዋን፥ የምንሰማውም ድምፅዋን ነው።

እኛ እንደሚመስለን ፊቷን የሸሸገው ጥላቻ ሳይሆን ኀፍረት ነው። ባለዕዳ ያበደረውን ሰው ዐይን ዐይኑን አያይም። ፊቷ ቢሣል ኖሮ ድካሟም አብሮ መሣል ነበረበት። ሆኖም ኀፍረት ምክንያት እንጂ ፍትሕ አይደለም፤ የደራሲውን ልብ የማያውቅ አንባቢ ከዚያ ጀርባ የሚያገኘው አንዲት ነዝናዛ ሴት ብቻ ነው።

ደራሲ ዳኛ አይደለም፥ ሕመሙን እንደ ተሰማው መናገር ይበቃዋል የሚሉ ይኖራሉ። ግማሹን እንቀበላለን። ነገር ግን ይኸው ትሱጌ በ1966 ዓ.ም. «ቺኮ» የተባለ አጭር ታሪክ አውጥቶ ነበር። በዚያም ሴቲቱ በመጠጥ ቤት እየሠራች ማንጋ የሚሥለውን ሰው ትደጕማለች፤ እርሱም እርሷ በሌለችበት የምትወዳትን ወፍ ሲጫወትባት ሳያስበው ይገድላትና በርራ ሄደች ብሎ ይዋሻታል። ድህነቱ ያው ነው፥ በሴት ድካም የሚኖረው ወንድም ያው ነው፤ እዚህ ግን ብሶቱ የያዘው የራሱን እጅ ነው። እንግዲህ የሴቲቱን መልክ የሚወስነው የብሶቱ ብዛት አይደለም ማለት ነው፤ ደራሲው ከሁለቱ ማንን ለመመርመር እንደ ደፈረ ነው እንጂ።

የትሱጌ ባለቤት ማኪ ፉጂዋራ ቀድሞ የቲያትር ተዋናይ ነበረች። እርሷም በ1981 ዓ.ም. የቤታቸውን ኑሮ በሥዕል ማስታወሻ ይዛ በ1982 ዓ.ም. አሳተመችው። በዚያ ውስጥ ምግቡ፥ ልጁ፥ የባሏ የመንፈስ ጭንቀት፥ ጠባቸውም አለ። መጽሐፏ ባሏን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ሥቃዩ በእርሷም ገጽ ላይ ሥቃይ ነው። ልዩነቱ እርሷም በዚያው ቤት ቀኑን ሙሉ ስትኖር መታየቷ ነው።

ማኪ በ1999 ዓ.ም. አረፈች። የባሏ «ችሎታ የሌለው ሰው» በ2020 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝኛ ተተረጐመ፤ ከእርሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ የታተመው የእርሷ ማስታወሻ ግን በ2023 ዓ.ም. ነው።