መርዶው ለማን ይነገራል?

በአገራችን ሰው ሲሞት መርዶ አለ። ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማለዳ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በር ያንኳኳል። መርዶ ነጋሪ ሟቹ ባለሥልጣን ይሁን የቀን ሠራተኛ፣ አሟሟቱ እንግዳ ይሁን የተለመደ አይመዝንም። የሚያሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘመዱ ማን ነው? የዜና ክፍል ጥያቄ ሌላ ይመስላል፤ «ይህ ዜና ይሆናል ወይ?» ይላል። ሥሩ ሲታይ ግን ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው። የማን ሞት ለማን እንደሚነገር የሚመርጥ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ እየፈረደ ነው። ይህ ፍርድ እንዴት እንደሚሰጥ ማየት የሚፈልግ ወለጋን ይመልከት።

ኖርዌያውያኑ ዮሐን ጋልቱንግና ማሪ ሆልምቦ ሩጌ በ1965 እ.ኤ.አ. የኮንጎ፣ የኩባና የቆጵሮስ ቀውሶች በአገራቸው ጋዜጦች እንዴት እንደቀረቡ የመረመረ ጥናት አሳትመው ነበር። ድርጊት ዜና የሚሆነው ድንገተኛ ሲሆን፣ ትርጉሙ ሳያሻማ ሲቀር፣ ኃያላን አገሮችንና ታላላቅ ሰዎችን ሲነካ፣ ለአንባቢው ባህል ሲቀርብ ነው አሉ። ይህን ሚዛን ይዘን ወደ ምዕራብ ወለጋ፣ ጉሊሶ ወረዳ እንሂድ። ጥቅምት 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በጋዋ ቃንቃ መንደር ሰዎች በትምህርት ቤት ግቢ ተሰብስበው ተገደሉ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቢያንስ 54 አስከሬን ተገኝቷል አለ። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ፣ በቀናት ውስጥ የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ፤ የዓለም ጋዜጠኛ ዓይኑን ወደ ትግራይ አዞረ። የሰሜኑ መከራ ያን ያህል መነገሩ ትክክል ነበር፤ ከዚያም በላይ ሊነገር ይገባው ነበር። የጉሊሶው ግን ከዓለም ገጽ የወረደው አንሶ አይደለም። ሚዛኑ ላይ የሚያነሣው ታላቅ ስም አልነበረውም።

ዜና ክፍሎች ይህን ሲጠየቁ «ቦታው ሩቅ ነው» ይላሉ። ርቀቱ ግን ሰው የሠራው ነው። ከታኅሣሥ 2012 ማብቂያ አንሥቶ ሦስት ወር ገደማ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር፤ በነቀምትና በሌሎች የምሥራቅ ወለጋ ከተሞች ስልኩ ሲሠራ ኢንተርኔቱ ጠፋ። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ሲነገር መስመሩ ገና አልተከፈተም ነበር፤ የተከፈተው መጋቢት 22 ነው። እንግዲህ ሰው ራሱን ከበሽታ የሚጠብቅበትን ወሬ እንኳ ሲከለከል፣ የእሱን ወሬ ማን ያወጣለታል? በሌላ በኩል ቡናውን እንመልከት። የነቀምት ስም «ለቀምት» ተብሎ፣ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆኖ፣ በዓለም የቡና ገበያ ከታወቀ ቆይቷል። ከረጢቱ አዲስ አበባ ደርሶ ባሕር ሲሻገር «ሩቅ ነው» ያለ የለም። ለዋጋው መንገድ የሚገኝለት አገር ለመርዶው መንገድ ሲታጣለት፣ ጉዳዩ የኪሎ ሜትር አለመሆኑን ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ከበድ ያለ ተቃውሞ አለ። እንዲህ ያለውን ግድያ ማውራት ቂምን ያራግባል፤ ዝም ማለት ደም ያድናል የሚል ነው። ይህን ንግግር አልንቀውም። ነሐሴ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ጊዳ ኪራሙ ታጣቂዎች ከ150 በላይ ሰዎችን ገደሉ፤ በተከታዮቹ ቀናት በተነሣ የበቀል ጥቃት ደግሞ ከ60 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። ነገር ግን በቀልን ያቀጣጠለው የወሬ መብዛት ነው ለማለት ይከብዳል፤ ጋዜጣ ዝም ቢልም ወሬው ከአፍ ወደ አፍ፣ ከስልክ ወደ ስልክ እየተጋነነ ይሮጣል። ክፉው ነገር ወሬው ለየጎራው ተከፍሎ መነገሩ ነው። አንዱ ጣቢያ የአማራውን ሬሳ ብቻ ይቆጥራል፤ ሌላው የኦሮሞውን። እያንዳንዱ መርዶውን ለራሱ ሰፈር ይነግራል፣ የጎረቤቱን ለቅሶ አይሰማም። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ በቶሌ የተገደሉትን መንግሥት 338 ናቸው ሲል፣ ገዳዩ ማን ነው በሚለው ላይ መንግሥትና በግድያው የወነጀለው ታጣቂ ቡድን ሲካሰሱ፣ ክርክሩ ከሟቾቹ ይልቅ ገጹን ሞላው። ዝምታ ይህን አይፈውስም፤ ዝምታ ሜዳውን ለጎራው ድምፅ ትቶ ይወጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገጽ ጥበትና የሰሚ ድካም ነው። እውነት ነው፤ ጋዜጣ ሁሉን አይችልም፣ ልብም ሁሉን አይሸከምም። ሁሉ እኩል ገጽ ይሰጠው አላልሁም፤ መምረጥ ግድ ነው። ጥያቄው በምን እንምረጥ የሚለው ነው፤ ለዚህ ደግሞ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለው ታሪክ ብርሃን ይሰጣል። ሰዎች ጲላጦስ የገደላቸውን የገሊላ ሰዎች ወሬ ለኢየሱስ ይዘው መጡ፤ በዘመናችን ቋንቋ የፊት ገጽ ዜና ነበር፣ ገዢው አለበትና። እሱ ግን ማንም ያላነሣቸውን፣ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን 18 ሰዎች ከእነዚያ ጋር አብሮ ጠራ። ይህን ክፍል ሰባኪዎች ስለ ንስሐ ሲያነቡት እሰማለሁ፤ ዋናው ቁም ነገሩም እሱ ነው። ነገር ግን ወሬ ነጋሪዎቹ በተዉአቸው ሰዎች በኩል የተደረገው ነገር አይታለፍ፦ ገዢ የገደለውና ግንብ የገደለው በአንድ ንግግር፣ በአንድ ሚዛን ተቆጠሩ።

የኪራሙን ሟቾች በዘገበበት መግለጫው ኮሚሽኑም ከዚህ የሚቀርብ ነገር አድርጓል። በታጣቂዎች የተገደሉትንም በበቀል የተገደሉትንም በአንድ ወረቀት ላይ አኖራቸው፤ የየትኛውም ጎራ ሰሚ የራሱን ቁጥር ለማግኘት የሌላውንም ማንበብ ነበረበት።